የአዳር እንግዳና የዓመት ተከራይ፦ ከአያት ወዲያ ባለ አንድ ግቢ የተደረገ ንጽጽር

ቤታችን ከአያት አደባባይ ወደ ለገጣፎ በሚወስደው መንገድ፣ የቀላል ባቡሩ የምሥራቅ መስመር ከሚያበቃበት ፌርማታ በባጃጅ ጥቂት ደቂቃ ርቆ ይገኛል። እኔና ባለቤቴ ከምንኖርበት ዋና ቤት ጀርባ ሁለት ሰርቪስ ቤቶች አሉን፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ በአንድ ግንበኛ የተሠሩ ሲሆን፣ እያንዳንዳቸው አንድ መኝታ ክፍል፣ ትንሽ ሳሎን፣ ማብሰያና የራሳቸው ሻወር አላቸው። ልጆቻችን ትዳር ይዘው ከወጡ በኋላ ባዶ መቀመጣቸው ስላሳሰበን፣ ከመስከረም 1 ቀን 2017 ዓ.ም ጀምሮ አንደኛውን በኢንተርኔት ቀድሞ ለሚይዝ የአዳር እንግዳ፣ ሁለተኛውን ደግሞ በውል ለሚቀመጥ ተከራይ አዋልነው። ይህን ያደረግነው አስበንበት ነው። ከጎረቤቶቻችን ግማሾቹ «ገንዘብ ያለው የአዳሩ ነው» ሲሉን፣ ግማሾቹ «ቋሚ ሰው ካላስገባችሁ ሰላም አታገኙም» ይሉን ስለነበር፣ በእኩል ቤትና በአንድ ዘመን ሞክረን ማየት ፈለግን። እያንዳንዷን ገቢና ወጪ በደብተር እየመዘገብኩ ዓመቱን ጨርሻለሁ፤ እዚህ የምጽፈውም ከዚያ ደብተርና በዓይኔ ካየሁት ነው።

ፍርዴን ከወዲሁ ልናገር። ከከተማው ዳር ላለና ባለቤቱ ራሱ በግቢው ለሚኖርበት ቤት የዓመት ተከራይ ይሻላል። የአዳር እንግዳ የሚከራየው ቤቱን ብቻ ሳይሆን የባለቤቱን ጊዜ ጭምር ነው፤ እኛ አካባቢ ደግሞ ውሃውም፣ መብራቱም፣ መንገዱም ሰው ካልቆመላቸው ስለማይሟሉ፣ ያ ጊዜ ቦሌ ወይም ካዛንቺስ ካለ አከራይ ጊዜ ይልቅ ብዙ ይበላል።

የአዳሩን ቤት ያወጣነው በሌሊት 2,200 ብር ሂሳብ ነበር። ይህን የሰማ ሰው ሁሉ ወዲያው በ30 ያባዛዋል፤ እኛም መጀመሪያ እንደዚያው አባዝተን በወር 66,000 ብር ይገኛል ብለን ተስፋ አድርገን ነበር። ነገር ግን ከዓመቱ 365 ሌሊቶች መካከል እንግዳ ያደረበት 104ቱን ብቻ ነው። በመስከረም ወር 19 ሌሊቶች ተይዘው ነበር፤ ለገናና ለጥምቀት ከውጭ የሚመጡ ሰዎች ስላሉ ታኅሣሥና ጥርም ደህና ነበሩ፤ በግንቦት ግን ወሩን ሙሉ የታደረበት ሦስት ሌሊት ብቻ ነው። የዓመቱ ጠቅላላ ገቢ 228,800 ብር ሆነ። ከዚህ ላይ እንግዳ የሚያገናኘው ድረ ገጽ ከመቶ 15 ሲወስድ 34,320 ብር ሄደ፤ ለልብስ አጣቢ፣ ለሳሙናና ለሶፍት፣ ለቁርስ፣ ለጄኔሬተር ነዳጅና ለቦቴ ውሃ ደግሞ 78,000 ብር ወጣ። በእጃችን የቀረው 116,480 ብር ነው። ከጎኑ ያለው ቤት በወር 13,000 ብር ተከራይቶ በዓመቱ 156,000 ብር አስገብቷል፤ ወጪውም አንድ የተበላሸ ቧንቧና አንድ የበር ቁልፍ መቀየር ብቻ ነበር። ግብር ከሁለቱም የሚከፈል ስለሆነ እዚህ አልቀነስኩትም። የራሴን ድካምም በወጪ አልያዝኩትም፤ ብይዘው ኖሮ ልዩነቱ እጅግ በሰፋ ነበር።

ለአዳሩ በሐቅ የምሰጠው አንድ ብልጫ ጳጉሜን ናት። በውል የተከራየ ሰው የሚከፍለው ለ12 ወር ነው፤ ጳጉሜን ላይ ኪራይ የሚጠይቅ አከራይ አላውቅም፤ የደመወዝተኛውም ደመወዝ በዚያው ስለሚቆጠር አግባብ ነው። የአዳር እንግዳ ግን በሌሊት ስለሚቆጠር ጳጉሜንም ይከፍላል፤ እነዚያ ቀናት ደግሞ ለአዲስ ዓመት ከውጭ የሚገባው ሰው የሚበዛባቸው ናቸው። በ2017 ማብቂያ አምስቱም ሌሊት ተይዘው 11,000 ብር አስገብተዋል።

አሁን ወደ ድካሙ ልምጣ፤ ቁጥሩ የማያሳየው ነገር ያለው እዚህ ላይ ነውና። እኛ ሰፈር ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ በሳምንት ሁለት ቀን፣ አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት። ሁለት ሺህ ሊትር የሚይዝ ሮቶ አለን፤ ሁሉም ቆጥቦ ከተጠቀመበት ፈረቃው እስኪደርስ ያደርሳል። ተከራይ ይህን በአንድ ሳምንት ውስጥ ይለምደዋል፤ ሳህኑን በሳፋ ያጥባል፤ ልብሱን የሚያጥበው ውሃ በሚመጣበት ቀን ነው። ለሁለት ሌሊት የመጣ እንግዳ ግን ሊለምደው አይችልም፤ እንዲለምድም መጠበቅ ተገቢ አይደለም፤ የከፈለው ሊያርፍ እንጂ የሰፈሩን ፈረቃ ሊያጠና አይደለምና። አንድ ቅዳሜ አራት ሆነው የመጡ ቤተሰቦች ከረጅም ጉዞ በኋላ ሁሉም በየተራ ታጠቡ፤ እሑድ ጠዋት ባለቤቴ ለቤተ ክርስቲያን ሊነሣ ቧንቧ ሲከፍት ጠብታ አልነበረም። ተከራያችንም ሕፃን ልጁን ሳያጥብ ዋለ። በዚያው ቀን ቦቴ አስመጣን፤ ለእሑድ ደግሞ ዋጋ ይጨምራሉ።

የሰዓቱን ነገር ብዙ ሰው በቀልድ ያነሣዋል፤ ለአስተናጋጅ ግን ከባድ ጉዳይ ነው። ከውጭ ለሠርግ የመጡ ባልና ሚስት በጥሩ አማርኛ «10 ሰዓት ላይ እንደርሳለን» ብለው ጻፉልኝ። አማርኛቸው ጥሩ ስለነበረ በኛው አቆጣጠር ነው ብዬ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ ምሳና እራት የሚሆን ምግብ ሠርቼ፣ ቡና ቆልቼ፣ የግቢውን በር ገርበብ አድርጌ ተቀመጥኩ። እነርሱ ለካ ያሉት በሚኖሩበት አገር አቆጣጠር ነበር፤ በኛ ማታ 4 ሰዓት ማለት ነው። ስድስት ሰዓት ሙሉ ጠበቅሁ፤ ስልካቸው የአገር ውስጥ ሲም ስላልነበረው መደወል አልተቻለም። ሲደርሱ መብራት ጠፍቶ ነበር፤ የታክሲው ሾፌርም ካርታው ላይ ያለው ምልክት ሌላ ቅያስ ውስጥ ስላስገባው ሦስት የሰው በር አንኳኩተው ነው የመጡት። እነርሱ ምንም አላጠፉም፤ እኔም አላጠፋሁም። ከዚያ ወዲህ ለማንኛውም እንግዳ ስጽፍ «ከቀኑ፣ ከማታው፣ ከሌሊቱ» የሚለውን ሳልጨምር፣ ከጎኑም የአውሮፕላኑን መድረሻ በውጭ አቆጣጠር ሳላስቀምጥ መልእክት አልልክም።

ብርዱንም ልጥቀስ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ አጥንት ይሰብራል፤ አፍሪካ ሁሉ ሙቀት ነው ብሎ በአንድ ሹራብ የሚመጣ እንግዳ ብዙ ነው። ለእያንዳንዱ አልጋ ከብርድ ልብሱ ሌላ አንድ ጋቢ አስቀምጠናል፤ በአስተያየት መስጫው ላይ ከሁሉ በላይ የተመሰገነልን እርሱ ነው።

እንግዳ ስለሚያገናኘው ድረ ገጽ ስናገር፣ የተጠቀምኩበትን በስም አልጠራም፤ ችግሩ የአንዱ ብቻ አይመስለኝምና። በጎ ጎኑ ግልጽ ነው፤ ፎቶ አንሥተህ ታወጣለህ፣ ዋጋ ትጽፋለህ፣ አይተኸው የማታውቀው ሰው ዓለምን አቋርጦ በርህ ላይ ይቆማል። እንግዶቹ ሲሄዱ የሚጽፉት አስተያየትም ለቀጣዩ ምስክር ነው። ችግሩ ሰው የሚያስፈልግህ ጊዜ ሰው አለማግኘትህ ነው። የቤታችን ምልክት በካርታው ላይ አለቦታው መቀመጡን ለማስታረም አምስት ጊዜ ጻፍኩ፤ አምስቱንም ጊዜ የመለሰልኝ ማሽን ነው፤ የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር ይጠይቀኛል፤ እኛ ጋ መንገዱ ስም የለውም፤ አድራሻችን «ከማደያው ጀርባ፣ ከወፍጮ ቤቱ ቀጥሎ ያለው አረንጓዴ በር» ነው። ቤቱን ቀድመው ይዘው ሳይመጡ የቀሩ እንግዶችም ነበሩ፤ ክፍያው ሲደርሱ በእጅ ወይም በቴሌብር ስለነበረ፣ አንሶላ ዘርግተን ፍሪጅ ሞልተን የጠበቅንበት ሌሊት በባዶ ይቀራል።

ይህ የእንግዳ አቀባበል መንገድ ከየት እንደ ተነሣ ማወቅ ለፍርዱ ይጠቅማል። ባለ ቤትንና የአዳር እንግዳን በኢንተርኔት የሚያገናኘው ኤርቢኤንቢ የተባለው ድርጅት የተፀነሰው እ.ኤ.አ. በ2007 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ሁለት ጓደኛሞች የቤት ኪራያቸውን ለማሟላት ሳሎናቸው ውስጥ በአየር የሚነፋ ፍራሽ አንጥፈው እንግዳ ባሳደሩ ጊዜ ነው፤ በዚያ ሰሞን በከተማዋ ጉባኤ ስለነበረ ሆቴሎቹ ሞልተው ነበር። ከዚህ የምረዳው፣ ነገሩ የሚሠራው ሆቴል ሞልቶ የተረፈ እንግዳ በሚደርስበት ሰፈር መሆኑን ነው። አዲስ አበባም ተመሳሳይ ሰሞን አላት፤ በየካቲት የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ሲሆን ቦሌና ካዛንቺስ ይጨናነቃሉ። ነገር ግን ለጉባኤ የመጣ ሰው በጠዋት የመኪና ሰልፍ ከአያት ተነሥቶ መሀል ከተማ ለመድረስ ጊዜ የለውም፤ በዚያ ሰሞን የእኛ ቤት ሁለት ሌሊት ብቻ ነው የታደረበት። ወደ ዳር የሚመጣው እንግዳ ዳር ጉዳይ ያለው ነው፤ ዘመዱ እዚህ የሚኖር፣ ቤት እያሠራ ያለ፣ ለሠርግ ወይም ለልቅሶ የመጣ፣ ከክፍለ ሀገር ለሕክምና የመጣ ሰው ነው። እንዲህ ያለው ሰው ደግሞ ጉዳዩ በሁለት ሌሊት አያልቅም።

እዚህ ላይ ያላሰብነውን ሦስተኛ መንገድ አገኘን። በጥቅምት 2018 ከደሴ ለሕክምና የመጡ አንድ አዛውንትና ባለቤታቸው በዘመድ ጥቆማ መጥተው 40 ቀን ተቀመጡ። ጠቅላላውን በ30,000 ብር ተስማማን፤ በሌሊት ሲመታ 750 ብር ይሆናል፤ ከአዳሩ ዋጋ ብዙ ያንሳል፤ የዓመቱ ተከራይ በቀን ከሚደርስበት 433 ብር ግን በብዙ ይበልጣል፤ ድካሙም ከሁለተኛው ሳምንት በኋላ የለም። እመቤቲቱ ሽሮና በርበሬያቸውን ይዘው ነው የመጡት። በሦስተኛው ቀን ወደ እኔ መጥተው «እኅቴ፣ በረንዳው ላይ ቡና ባፈላ ጭሱ አያስቸግራችሁም?» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሼ ከሆስፒታል ሲመለሱ፣ ማታ ማታ አንድ ጀበና ለሁለት ቤት ይፈላ ጀመር፤ ተከራያችንም ሚስቱም ልጃቸውን ይዘው ይመጡ ነበር። ጋሼ ቡናውን መጠጣት ተከልክለው ነበር፤ ቢሆንም ሲቆላ አጠገቡ መቀመጥ ይወዱ ነበር፤ ማንከሽከሻው ወደ እርሳቸው ሲቀርብ በመዳፋቸው ጭሱን ወደ ፊታቸው ሳብ ያደርጉ ነበር። ያቺን ሳብ አሁንም አስታውሳታለሁ። ሲሄዱ ያስረከቡን ቤት እኛ ካስረከብናቸው የጸዳ ነበር።

ድረ ገጾቹም ይህን ልዩነት ያውቁታል፤ ኤርቢኤንቢ 28 ሌሊትና ከዚያ በላይ የሚቆይን ሰው እንደ ረጅም ቆይታ ቆጥሮ የተለየ የስረዛ ደንብ ያወጣለታል። እኛ ግን የወር እንግዳ ያገኘነው በዕድርና በዘመድ እንጂ በድረ ገጽ አልነበረም።

ስለ ዓመቱ ተከራይ ደግሞ ከውሉ ልጀምር። በ2016 ዓ.ም የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ብዙ ነገር ለውጧል። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት፤ ዘመኑ ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም፤ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ አይችልም፤ ኪራዩም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ይከፈላል። ተከራዩን ያመጣልን ደላላ «እትዬ፣ የስድስት ወር ይቀበሉ፤ ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው የሚያደርገው» ብሎኝ ነበር። አልተቀበልኩም። ሕግ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ወጣት ቤተሰብ ስድስት ወር ቅድሚያ ከፍሎ ሲገባ ያለችውን ጥሪት አሟጦ ስለሚገባ፣ ልጁ ቢታመም የሚያወጣው የለውም፤ በግቢዬ ውስጥ እንዲህ የተጨነቀ ሰው እንዲኖር አልፈልግም። የሁለት ወሩን 26,000 ብር ተቀብለን፣ ውሉን ወረዳ ሄደን አስመዘገብን። የቤታችሁ ክልል ልብ ይባልልኝ፤ ከእኛ ትንሽ አለፍ ብሎ ያለው ሰፈር በሸገር ከተማ ሥር ነውና የሚመዘገበው ሌላ ጽሕፈት ቤት ነው።

ሁለት ዓመት ረጅም ጊዜ ነው። አንድን ሰው ለሁለት ዓመት ማስገባት ጎረቤት መምረጥ ነው፤ ስለዚህ እኛ ቤቱን ከማሳየታችን በፊት ሰዎቹን ቡና ጠራናቸው። ይህን ያላደረገች እኅቴ ጀሞ አካባቢ ያለውን ሰርቪሷን ለሁለት ሰው አከራይታ፣ ሰባት ሰው ሲያድርበት ከርሞ ያወቀችው ሴፕቲክ ታንኩ ሞልቶ በግቢው ላይ ሲፈስ ነው። በከተማው ዳር የፍሳሽ መስመር የሌለው ሰፈር ብዙ ስለሆነ፣ ስንት ሰው እንደሚኖር በውሉ ላይ መጻፍ የግድ ነው።

ከተከራይ ጋር የሚያጋጨው ትልቁ ነገር መብራት ነው። ቆጣሪው አንድ ሲሆን ካርድ ማን ይሙላ የሚለው ጭቅጭቅ ብቻ አይደለም፤ የመብራት ታሪፍ ፍጆታው በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋም የሚጨምርበት ስለሆነ፣ ሁለት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ሁለቱም ከለመዱት በላይ ይከፍላሉ፤ እያንዳንዳቸውም ሌላው የበላባቸው ይመስላቸዋል። እኛ በኤሌክትሪክ ሠራተኛ ለየቤቱ ትንሽ መቁጠሪያ አስገጠምን፤ የተከራያችን ሚስት እንጀራ የምትጋግርበትንና እኔ የምጋግርበትን ቀንም ለየን፤ ሁለት ምጣድ በአንድ ጊዜ ሲሰካ ብሬከሩ ይወድቅ ነበርና። እርሷ ማክሰኞ፣ እኔ ዓርብ። ከዚያ በኋላ በመብራት ቃል አልተለዋወጥንም።

ተከራያችን በዓመቱ ውስጥ አንድ ጊዜ ኪራይ አሳልፏል፤ በመጋቢት ወር፣ ለ18 ቀናት። ወሩ ሳይገባ ራሱ መጥቶ ደመወዙ መዘግየቱን ነገረኝ፤ ቆይቶም ከፈለ። በዚያው ወር የአዳሩ ቤት ያስገባው የስድስት ሌሊት ገንዘብ ብቻ ነበር፤ መጥቶ ምክንያቱን የሚነግረኝ ሰውም አልነበረም።

የማብሰያን ነገር በአጭሩ ልለፍ፤ ለየቤቱ የራሱ ማብሰያ ከሌለው የአዳር እንግዳ አታስገቡ። በዐቢይ ጾም 55 ቀን እኛ ቤት ቅቤ አይነጠርም፤ እንግዳው ግን ጠዋት እንቁላል ይፈልጋል፤ መብቱም ነው። የተለየ ማብሰያ መኖሩ ለሁለታችንም እረፍት ሰጥቶናል።

የአዳር እንግዳ ማስተናገድ ለማን እንደሚሆን ብጠየቅ፣ ቀኑን ሙሉ ቤት የሚውል፣ ጉልበት ያለውና ስልክ በሌሊት ቢጠራ የማይከፋው ሰው ላለበት ቤት፣ በተለይም ለአውሮፕላን ማረፊያው ቀረብ ላለ፣ ጥሩ ሥራ ነው እላለሁ፤ ኪራይ ብሎ ሳይሆን ሥራ ብሎ ከያዘው። ለእኛ፣ ለስልሳ ዓመት የተጠጋን ባልና ሚስት፣ ከበደን። ስለዚህ ከኅዳር 2018 ጀምሮ የአዳሩን ቤት ከድረ ገጹ ላይ አውርደነዋል። አሁን የሚሰጠው ከሦስት ሳምንት በላይ ለሚቆይ ሰው ብቻ ነው፤ ቅድሚያውንም ለሕክምና ለሚመጣ ሰው አድርገነዋል። በበሩ ውስጠኛ ገጽ ላይ ውሃ የሚመጣባቸውን ቀናት፣ የመብራት ካርዱን አሞላልና በሌሊት መኪና የሚያመጣልንን ሾፌር ስልክ ጽፈን ለጥፈናል። አልጋው ላይ ያሉት ጋቢዎች እንዳሉ ናቸው፤ አንዱን የደሴዋ እመቤት ጥለት ቀይረው ሰፍተውልናል።